ተማሪው የሚከፍተው ሞተር

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ባሕር ዳር ላይ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ ቀጥሎ በመርሐ ግብሩ ላይ ያለው ምሳ ነው። የጣና ዓሣ እየጠበቃችሁ እንደሆነ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ማኅበራችን ለሜካኒካል ትምህርት ክፍል የላቦራቶሪ ስጦታ እናበርክት የሚል ሐሳብ ይዟል። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የጋዝ ተርባይን ማስተማሪያ መሣሪያ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሰምቻለሁ። አንደኛው «ውኃ በደጃችን ሞልቶ የጋዝ ተርባይን ምን ያደርግልናል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ይገዛ ከተባለ ምርጡ ይገዛ፣ ስማችን ይለጠፍበት» ይላል። ከዚህ ግቢ ከወጣሁ በኋላ አብዛኛውን ዕድሜዬን በሞተር ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ለሁለቱም መልስ ስጥ ተብዬ ነው የቆምኩት።

በመጀመሪያው ልጀምር።

ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720-ቢ አውሮፕላኖችን ተረክቦ ወደ ጄት ዘመን ገባ። ማለትም የእኛ ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ ጄት እኩያሞች ናቸው። ጥቂት ቆይቶ በ1956 ዓ.ም የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ የባሕር ዳር ልጅ ተርባይን ሲባል ወዲያው የሚታየው ውኃ ነው፤ ጢስ ዓባይ፣ ኋላም በ2002 ዓ.ም የተመረቀው 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ። ይህ ሊያኮራን ይገባል። ነገር ግን የጋዝ ተርባይንን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በጣና በለስ ውኃው ከሐይቁ በዋሻ ሄዶ ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያን ከፍታ የሠራው ማን ነው? እግዜር ነው። እኛ ያደረግነው ዋሻ መቆፈርና ተርባይን መትከል ነው። ውኃው ከፍታውን ይዞ ነው የሚመጣው። አየር ግን ከፍታ የለውም። በዙሪያችን ያለው አየር ሁሉ አንድ ዓይነት ግፊት ላይ ነው፤ የትም አይወርድም። ስለዚህ የጋዝ ተርባይን መጀመሪያ የራሱን ተራራ መሥራት አለበት። ያን ተራራ የሚሠራው ኮምፕሬሰሩ ነው።

ተራራው ስንት ያህል ነው? ስሌቱ ቀላል ስለሆነ እዚሁ እንሥራው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ኪሎ አየር ወስደን ግፊቱን ሁለት እጥፍ ብናደርገው፣ ምንም ብክነት በሌለበት ሁኔታ እንኳ 64 ኪሎጁል ገደማ ሥራ ይፈልጋል። ይኼ አንድ ኪሎ ዕቃ 6,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ከማንሳት ጋር እኩል ነው። ራስ ዳሽን 4,500 ሜትርን ጥቂት ነው የሚያልፈው። እንግዲህ አስቡት፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ አየር ከራስ ዳሽን የሚበልጥ ተራራ እየሠራን፣ ከዚያ ተራራ ላይ እየለቀቅን ነው ተርባይኑን የምናዞረው። እሳቱ የሚገባው በመሐል ነው። የተጨመቀው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሲወርድ የሚሰጠው ሥራ ሲወጣ ከወሰደው ይበልጣል። ትርፋችን ያ ልዩነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቋንቋ «ጋዝ» ሲባል ለፋኖስና ለምድጃ የሚሆነው ነጭ ጋዝ ወይም ቡታጋዝ ነው የሚታሰበን። የጋዝ ተርባይን የተባለው ግን በነዳጁ አይደለም፤ በውስጡ የሚያልፈውና ሥራውን የሚሠራው ነገር ጋዝ፣ በአብዛኛውም አየር ስለሆነ ነው። አጋጣሚ ሆኖ የጄት ነዳጅ የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ተማሪ ግን በስሙ እንዳይታለል በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መነገር አለበት።

ያ ልዩነት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። ኖርዌያዊው ኤጊዲዩስ ኤሊንግ እ.ኤ.አ. በ1903 ራሱን ችሎ ትርፍ ኃይል የሰጠ የጋዝ ተርባይን ሲሠራ ትርፉ 11 የፈረስ ጉልበት ነበር። በስዊዘርላንድ ኖይሻቴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1939 የተተከለው የመጀመሪያው የከተማ ማመንጫ ደግሞ ተርባይኑ 15,400 ኪሎዋት ያመነጭ ነበር። ከዚህ ውስጥ 11,400ውን ኮምፕሬሰሩ በላው፤ ለከተማው የተረፈው 4,000 ነው። ከአራት እንጀራ ሦስቱን ጋጋሪዋ ስትበላ ማለት ነው። ሆኖም ዓለም በዚያች በአንዷ እንጀራ ተነሥቶ ነው ዛሬ ውቅያኖስ የሚሻገረው።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር ይቻላል። እኔም በሰሌዳ ነው የተማርኩት። ሰሌዳው የማያሳየው ግን አለ። እስቲ አንድ ትንሽ የላቦራቶሪ መሣሪያ እንውሰድ። ግፊትን ሁለት እጥፍ የሚያደርግ፣ ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ 727 ዲግሪ የሚደርስ፣ ኮምፕሬሰሩም ተርባይኑም 70 በመቶ ብቻ ቅልጥፍና ያላቸው ይሁኑ። በሰሌዳ ላይ፣ ያለ ብክነት፣ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር 84 ዲግሪ መሆን ነበረበት። ተማሪው ቴርሞሜትሩን ሲያነብ ግን 111 ገደማ ያገኛል። «መሣሪያው ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ያ የ27 ዲግሪ ልዩነት ነው ብክነት የሚባለው። በመጽሐፍ ላይ አንዲት የግሪክ ፊደል ሆኖ የነበረው ነገር እጁን ሲፈጀው ተማሪው አይረሳውም።

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሥራ። የቱቦና የግጭት ኪሳራ እንተውና፣ ተርባይኑ የሚሰጠው 126 ቢሆን ኮምፕሬሰሩ 92 ይወስዳል፤ 34 ይተርፋል። ከነዳጁ ሙቀት አንፃር ሲታይ ትርፉ ከመቶ 5 ወይም 6 ነው። አሁን የኮምፕሬሰሩ ቅጠሎች አቧራ ይዘው ቅልጥፍናው ከ70 ወደ 60 ወረደ እንበል። የሚወስደው ከ92 ወደ 107 ይወጣል፤ ትርፉ ከ34 ወደ 19 ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ኮምፕሬሰሩ የደከመው በጥቂቱ ነው፣ ትርፉ ግን በግማሽ ሊጎድል ምንም አልቀረውም። የበጋ አቧራችንን የሚያውቅ የባሕር ዳር ልጅ፣ የአውሮፕላን ሞተር ለምን በየጊዜው ይታጠባል ብሎ ከዚያ በኋላ አይጠይቅም።

ሌላም ሰሌዳው የማያሳየው አለ፤ አነሣሡ። የናፍጣ ሞተር ቁልፍ ስታዞሩለት በጥቂት ዙር ይነሣል። የጋዝ ተርባይን ግን መጀመሪያ በሌላ ኃይል መዞር አለበት፣ ከዚያ ይቀጣጠላል፣ ከዚያም ራሱን መቻያው ፍጥነት ላይ እስኪደርስ ድረስ ይደገፋል። ድጋፉን ቀድማችሁ ካነሣችሁበት ነዳጁ ይነድዳል፣ አየሩ አይበቃም፣ ሙቀቱ ይተኮሳል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ተርባይኑን ታቃጥላላችሁ። ይህን በንግግር የሰማ ተማሪና ጣቱን ነዳጅ መዝጊያው ላይ አድርጎ የሙቀት መለኪያውን ሲከታተል የኖረ ተማሪ፣ ሥራ ላይ ሲመጡ አንድ አይደሉም። ሁለቱንም ዓይነት ተቀብዬ አሠልጥኛለሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይለያሉ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ በኪው-400 የመጣችሁ አላችሁ አይደል? ከመስኮታችሁ ውጭ ስትታዘቡት የነበረው ፕሮፔለር ሲነሣ በደቂቃ 1,020 ዙር ነው የሚዞረው። ከኋላው ያሉት ኮምፕሬሰሮች ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር ይዞራሉ። ፕሮፔለሩ ከእነሱ ጋር በአንድ ሻፍት አልታሰረም። የራሱ ነፃ ተርባይን አለው፤ የሚያገናኛቸው በመሐል የሚነፍሰው ጋዝ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በላቦራቶሪ ባለ ሁለት ሻፍት መሣሪያ የሚመረጠው። ተማሪው በሁለተኛው ሻፍት ላይ ጭነት ሲጨምር ሁለተኛው ሲዘገይ፣ የመጀመሪያው ግን በራሱ ፍጥነት ሲቀጥል በዓይኑ ያያል።

ደግሞ ቦታችን ራሱ መምህር ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አንፃር ወደ አምስተኛው እጅ ይጎድላል። ያው ሞተር በያው ዙር፣ በያው ሙቀት፣ እዚህ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚያንስ ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከውጭ የመጣ መሣሪያ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ኃይል እዚህ አይሰጥም። መምህሩ ይህን ካላወቀ «የማይሠራ ዕቃ ሸጡልን» ይላል። ካወቀ ግን፣ አውሮፓ ያለ ተማሪ በሒሳብ ብቻ የሚያገኘውን የእኛ ልጅ በመለኪያ ያገኘዋል።

አሁን ከበድ ወዳለው ልለፍ። በዚህ ከተማ የጋዝ ተርባይን የወረቀት ነገር ያልነበረበት ቀን አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ ቦይንግ 737-200 ገና ከመሬት ሲለቅ የእርግብ መንጋ ወደ ሁለቱ ሞተሮቹ ገባ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ፤ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞር ሁለተኛውም ተከተለ። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወጣ ሜዳ ላይ አረፈ፣ እሳትም ተነሣ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸውን አጡ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ቀን የሚያስታውስ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለማስተማሪያ ያህል በቀላሉ አላነሣውም።

የማነሣው ወፍ ለምን ሞተር ያቆማል የሚለውን ተማሪ መመለስ ስላለበት ነው። ብዙ ሰው ወፉ ቧንቧ እንደሚደፍን ዓይነት ያስባል። ነገሩ ያ አይደለም። የኮምፕሬሰር ቅጠል የአውሮፕላን ክንፍ ነው፤ አየርን ወደ ኋላ፣ ግፊቱ ወደሚበልጥበት እየገፋ ሽቅብ ይወጣል። ያ የነገርኳችሁን ተራራ ማለት ነው። ቅጠሉ ሲጣመም ወይም ሲሰበር መግፋቱን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ተራራው ላይ የወጣው አየር ተገልብጦ ወደ ፊት ይናዳል። ሞተሩ እንደ መድፍ ይጮኻል፣ አየሩ ይቀንሳል፣ ነዳጁ ግን እየገባ ስለሆነ ሙቀቱ ይንራል። ከአራት እንጀራ ሦስቱን የሚበላው ክፍል ሲታመም ቀሪዋ አንዷም ትሄዳለች። ኮምፕሬሰሩ የሚናድበትን ወሰን በትንሽ መሣሪያ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ በመለኪያ ቀርቦ ያየ ልጅ፣ ነገ የአውሮፕላን ማረፊያ አስተዳዳሪ ቢሆን በሜዳው ዙሪያ ስለሚሰጣ እህልና ስለ ቆሻሻ መጣያ ሌላ ዓይን ይኖረዋል። ወፍ ወዳለበት ሐይቅ ዳር ነው አውሮፕላን የምናሳርፈው።

በዚህ ላይ በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኗል። ያ ጋዝ በስፋት ኃይል ወደ ማመንጨት ቢዞር መሣሪያውን የሚይዙት የእኛ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ፣ አዎ፣ ያስፈልጋል ነው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ «ምርጡ ይገዛ» ወደሚለው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ ለሙያ ምክር ተጠርቼ ሄድኩ። በላቦራቶሪው መሐል በፕላስቲክ የተሸፈነ የሚያምር መሣሪያ ቆሟል። ገለጥ አድርጌ ሳይ ባለ ሁለት ሻፍት የጋዝ ተርባይን ነው፤ ሰሌዳው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ። «ስንት ጊዜ ተነሥቷል?» አልኩ። የላቦራቶሪው ባለሙያ «አንድ ጊዜ፣ ተካዩ በመጣ ቀን» አለኝ። የጎደለው ማቀጣጠያው ነበር፤ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ዕቃ። «ለምን አላዘዛችሁም?» ስለው የሰጠኝን መልስ እስከዛሬ አልረሳሁትም፤ «ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 በእኔ ስም ወጪ የተደረገ ነው። ከነካሁትና ከተሰበረ ዕዳው የእኔ ነው፤ ካልነካሁት ግን ማንም አይጠይቀኝም።»

ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። በደመወዙ ዕድሜ ልኩን ከፍሎ የማይጨርሰው ዕቃ በስሙ ተመዝግቦ፣ በየዓመቱ ለቆጠራ ሲመጡ «አለ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። መሣሪያው «አለ»፤ ትምህርቱ ግን የለም። እኛም ገንዘባችንን አዋጥተን፣ ስማችንን ለጥፈን፣ ሌላ «አለ» ብንጨምር ለማን ጠቀምን?

ስለዚህ ሐሳቤ በቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት እንሥራ። ከጋራዥ አሮጌ የሲኖትራክ ቱርቦ ይገኛል። ቱርቦ ማለት እኮ ኮምፕሬሰርና ተርባይን በአንድ ሻፍት ላይ ማለት ነው፤ የጋዝ ተርባይን ለመሆን የጎደለው የቃጠሎ ክፍል ብቻ ነው። የቃጠሎ ክፍሉን ተማሪዎች ከማይዝግ ብረት ቧንቧ በብየዳና በቶርኖ ይሠሩታል። ካንዴላ ያቀጣጥለዋል፤ ቡታጋዝ ይነድዳል፤ የዘይት ፓምፕ ለሻፍቱ መደገፊያ ግፊት ይሰጣል። አራት የሙቀትና ሦስት የግፊት መለኪያ ይበቃል። ቅድም ያሰላነውን ሁሉ በዚህ ማሳየት ይቻላል። ቢበላሽ ሌላ ቱርቦ ይገዛል፤ ማንም በዕዳ አይያዝም። ግን ቀልድ አይደለም፤ 80 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ በደቂቃ 70,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 290 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ በወፍራም ላሜራ ይከለል፣ ሲሊንደሩ ከግድግዳ ውጭ ይቀመጥ፣ ነዳጁ ከሩቅ ይዘጋ፣ ጆሮ ይሸፈን። ሞተሩ ከቆመ በኋላም ሙቀቱ እስኪወርድ ዘይቱ አይቋረጥ፤ ይህችን አንዷን ብቻ የተማረ ልጅ ለማንኛውም ጋራዥ ሀብት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚገዛው መሣሪያ ባለ ሁለት ሻፍት ይሁን፤ ነገር ግን ክዳኑ በመፍቻ የሚከፈት፣ መለኪያዎቹ በገበያ የሚገኙ ይሁኑ። ከምናዋጣው ገንዘብ ሦስት እጅ አንዱ ዕቃው ሳይገዛ በፊት ለመለዋወጫና ለመለኪያ ማረጋገጫ ይቀመጥ። ሰባት ሰንሰር ያለው የሚሠራ መሣሪያ፣ አርባ ሰንሰር ካለው ከተሸፈነ መሣሪያ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ይህን ለአመራሮቹ በትሕትና ነው የማቀርበው፤ ለማስተማር ሲያገለግል ለሚሰበር ዕቃ የተጻፈ ደንብ ይኑር። በሥራ ላይ በአግባቡ የተሰበረ ዕቃ የባለሙያው ዕዳ አይሁን። በቆጠራ ጊዜም «አለ ወይ?» ከሚለው ጋር «በዚህ ሴሚስተር ስንት ሰዓት ሠራ? ስንት ተማሪ አስነሣው?» ተብሎ ይጠየቅ። የላቦራቶሪ ባለሙያውም የሥልጠናውና የምስጋናው ተካፋይ ይሁን፤ መሣሪያውን በሕይወት የሚያቆየው እሱ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ፣ በተለይ ሦስተኛው ካልተሟላ፣ እኔ ራሴ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይዋል ብዬ ድምፅ እሰጣለሁ። ለመጽሐፍ ይዋል፣ ለተቸገሩ ተማሪዎች ይዋል። የሚሸፈን ዕቃ ግን አንግዛ።

ከተሟሉ ደግሞ ከእኛ የሚጠበቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም። እዚህ ጋራዥ ያላችሁ አላችሁ፤ አሮጌ ቱርቦ አትጡ። በኢንዱስትሪ ያላችሁ፣ ያረጀ የግፊት መለኪያና የተረፈ የማይዝግ ቧንቧ በየመጋዘናችሁ አለ። ውጭ ያላችሁ፣ ስትመጡ በሻንጣችሁ ጥግ አራት ቴርሞከፕል ይይዛል። ጡረታ የወጣን ደግሞ ጊዜ አለን፤ በሴሚስተር አንድ ሳምንት መጥተን ከልጆቹ ጋር ቱታ ለብሰን መቆም እንችላለን። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ወስጃለሁ፤ ሁለተኛውን የሚወስድ ስሙን ለኮሚቴው ጸሐፊ ያስመዝግብ።

ዓሣው ሳይቀዘቅዝ እንሂድ።